ለማወቅ መግደል የግድ ነው? የሦስት ወፎች ታሪክ

ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወይም ከቡታጅራ በላይ በሚታየው የዘቢዳር ተራራ፣ ነገ አንድ ተመራማሪ በሳይንስ የማይታወቅ ወፍ ቢያገኝ ምን ያድርግ? ገድሎ ወደ ሙዚየም ይውሰደው ወይስ ይልቀቀው?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ከጥልቅ ባሕር የሚወጡ ብርቅዬ እንስሳት የውሃው ግፊትና ሙቀት ሲለወጥባቸው ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ሊቃውንቱም በዚሁ ይከራከራሉ። እኛ ግን ከደጃችን ሦስት ወፎች አሉን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው የልዑል ሩስፖሊ ወፍ ነው። ኢጣሊያዊው ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያስስ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ ውስጥ ነጭ ጉትዬ ያለው አረንጓዴ ወፍ ተገኘና በ1896 በእሱ ስም ተሰየመ። የት እንደተያዘ የሚናገር ማስታወሻ ግን አልነበረም። ሳይንቲስቶች ወፉን በአገሩ ዳግም ያገኙት በ1940ዎቹ ነው። ወፉ ሞቶም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መኖሪያው ሳይታወቅ ቆየ።

ሁለተኛው የነጭ ሳር ወፍ ነው። በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ ሞቶ የበሰበሰ፣ ማታ ማታ የሚበር ወፍ አገኙ። ከአካሉ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ፤ የላቲን ስሙም «አንድ ክንፍ ብቻ» ማለት ነው።

ሦስተኛው የጎረቤታችን የሶማሊያ ነው። በ1989 ቡሎ ቡርቲ ላይ የተያዘውን ወፍ ተመራማሪዎቹ አልገደሉትም። ደሙን መርምረው በ1990 ለቀቁት፤ በ1991 «ነጻ የወጣው» ብለው ሰየሙት።

ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት ነጥብ ጠንካራ ነው። የተለቀቀው ወፍ በ2008 በተደረገ የዘረመል ምርመራ የታወቀ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። የነጭ ሳሩም ክንፍ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ ድቅል እየተባለ ሲያከራክር ኖሯል። ሙሉ አካል ቢኖር ኖሮ ይላሉ።

እውነት አላቸው፤ ስም ለመስጠት መመሳከሪያ ናሙና ያስፈልጋል፣ ስም የሌለውን እንስሳ ደግሞ ሕግ አያውቀውም። ነገር ግን የሶማሊያውን ስሕተት ያረመው የተቀመጠው የዘረመል መረጃ ነው፤ ጥይት አልነበረም። የስም ስሕተት ይታረማል። የተገደለው ወፍ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ከሆነ ግን የሚታረም ነገር የለም። የሩስፖሊም ወፍ ሙሉ አካል ነበረው፤ የጎደለው መዝገቡ ነው።

ሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ እንዲካፈል ደንግጋለች። አዋጅ ግን የሚሠራው ጠያቂ ሲኖር ነው። ስለዚህ ተመራማሪ፣ የውጭም ይሁን የራሳችን፣ ወደ ጊቤ ሲወርድ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ስንት ቀርተዋል? ላባ ወይም የደም ጠብታ አይበቃህም? ናሙናውና መዝገቡስ የት ይቀመጣል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ቀላል አታድርጉት። የነጭ ሳሩ ክንፍ ዛሬ ያለው እንግሊዝ አገር፣ ትሪንግ በተባለች ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያንን ክንፍ ላጥና ቢል መጀመሪያ ቪዛ መጠየቅ አለበት።