የበረዶ ጎማ፦ የባለመኪናው ጉዳይ ነው ወይስ የሰፈሩ?

መቼስ በዚህ ጉዳይ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያስቸግረናል። «የክረምት ጎማ» ብንል ለአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታየው የሐምሌ ጭቃ ነው፤ ክረምት ለኛ ዝናብ ነዋ! ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ላለው ዘመዳችን ደግሞ «ዊንተር» የሚመጣው እኛ በጋ ብለን ፀሐይ በምንሞቅበት በታኅሣሥና በጥር ነው። «በረዶ» የሚለውም ቃል ሸክም በዝቶበታል። እየተንጣጣ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ ተባዝቶ የሚወርደውንም፣ አስፋልት ላይ እንደ መስታወት የሚጋገረውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው። (አመዳይና ውርጭ የሚሉ ቃላት አሉን፤ ግን ከደገኛው በቀር ማን አዘውትሮ ይጠቀምባቸዋል?) ስለዚህ ለዛሬ «የበረዶ ጎማ» እንበለውና እንቀጥል።

ለምን ስለ በረዶ ጎማ? ውጭ አገር ታክሲ እየነዱ፣ ዕቃ እያመላለሱ ወይም ሌሊት ሥራ እየገቡ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ በየቤታቸው አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ጎማው ገና ነው፣ ጥርሱም አላለቀም። አሁን አራት አዲስ ጎማ መግዛት ምን አመጣው? ቀስ ብለን ብንነዳስ?» ጥያቄው ሲታይ የኪስ ጥያቄ ይመስላል። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ከተሞችና ፓርላማዎች ለአሥርት ዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎማና ብርድ ከጥንትም ጠበኞች ናቸው

ከዛፍ የሚገኘው ጥሬ ጎማ ጠባየ ቢስ ነገር ነበር። ሙቀት ሲነካው እንደ ሙጫ ይለጠፋል፤ ብርድ ሲነካው ደግሞ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ሲያሞቀው ጠባዩ እንደሚገራ ደረሰበት፤ በ1844ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ከተማ ውስጥ በአየር የሚነፋውን ጎማ አመጣ። መኪና የሚባለው ነገርም በዚሁ ላይ ተሳፍሮ ዓለምን ዞረ።

ይሁን እንጂ ጉድይር ጎማን ገራው እንጂ ከብርድ ጋር ጨርሶ አላስታረቀውም። ተራው የበጋ ጎማ ቅዝቃዜው እየበረታ ሲሄድ ይደድራል፤ የደደረ ጎማ ደግሞ መሬቱን እየዳሰሰ መያዝ ያቅተዋል። የጎማ አምራቾች እንደ መለያ የሚጠቅሱት ልክ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፣ ዜሮ አይደለም! ማለትም አንዲት የበረዶ ፍሬ ሳትወድቅም ጎማው ጉልበቱን ማጣት ጀምሯል ማለት ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በረዶ የሚያንሸራትተው ገጽታው ላይ ባለችው ስስ የውሃ ሽፋን ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚያዳልጠው እጅግ የቀዘቀዘው በረዶ ሳይሆን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው፣ ሊቀልጥ ሊቀልጥ የሚለው ነው። «ዛሬስ ቀለል ብሏል» ብሎ የሚወጣ ሾፌር ነው እንግዲህ የሚታለለው።

ከሰንሰለት እስከ ኖኪያ

የመጀመሪያው መላ ሰንሰለት ነበር። የኒውዮርክ ግዛቱ ሃሪ ዊድ በጎማ ላይ የሚጠመጠመውን ሰንሰለት በ1904 አስመዘገበ። ሐሳቡ የመጣለት ሾፌሮች በጭቃ እንዳይሰምጡ ጎማቸው ላይ ገመድና ሐረግ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። ሰንሰለት በረዶ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ችግሩ በረዶው አልቆ አስፋልቱ ሲመጣ ነው። ያንቋቋል፣ መንገዱን ይቧጥጣል፣ ራሱም ይበጠሳል። አሥር ጊዜ እየወረዱ ማሰርና መፍታት ደግሞ በዚያ ብርድ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ከዚያ ፊንላንዶች መጡ። በ1934 ኖኪያ በምትባል ከተማ የሚገኘው የፊንላንድ ጎማ ፋብሪካ ለጭነት መኪና ተብሎ የተሠራ የበረዶ ጎማ አወጣ። ጥርሱ በአግድም እየተቆረጠ የተሠራ ስለነበር ለስላሳውን በረዶ እየቆፈረ ይገፋ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1936 ለቤት መኪና የሚሆነውን ሠሩና «ሃካፔሊታ» አሉት። ስሙ በ17ኛው መቶ ዘመን የሠላሳው ዓመት ጦርነት ላይ ለስዊድን ንጉሥ ይዋጉ የነበሩ የፊንላንድ ፈረሰኞች ስም ነው። (እኛ ብንሆን ኖሮ «የአባ ዳኘው ፈረሰኛ» እንለው ነበር መሰለን።)

«ኖኪያ» ስንል ጆሯችሁ ቆመ አይደል? አልተሳሳታችሁም። ይኸው የጎማ ፋብሪካ በ1967 ከአንድ የኬብል ፋብሪካና ከአንድ የወረቀት ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ነው ሁላችንም የምናውቀው የስልኩ ኖኪያ የተወለደው። የጎማው ክፍል በ1988 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ ወጣ። ባትሪው አላልቅ ይለን የነበረው ያ ስልክና የበረዶ ጎማ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ሚስማሩ ሲመጣ ጠቡም መጣ

እስካሁን ያየነው ሁሉ የባለመኪናው ብቻ ጉዳይ ነበር። ነገሩ የተቀየረው በ1960ዎቹ ጎማ ላይ ትንንሽ የብረት ሚስማር መትከል ሲጀመር ነው። ሚስማር ያለው ጎማ ግግር በረዶን ነክሶ ይይዛል። በፊንላንድ፣ በስዊድን፣ በአሜሪካና በጀርመን ሰዉ እየተሻማ ገዛው።

ችግሩ አገሩ ሁልጊዜ በረዶ አለመሆኑ ነው። መንገዱ ተጠርጎ ጨው ሲበተንበት ሚስማሩ የሚነክሰው አስፋልቱን ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ጎማ በየቀኑ እየነከሰው መንገዱ ቦይ አወጣ፤ በቦዩ ውስጥ ደግሞ ዝናብ ሲያቁር መኪኖች በበጋውም መንሸራተት ጀመሩ። የሚኒሶታ ግዛት በ1965 የፈቀደውን ባለሚስማር ጎማ መንገዱን አስጠንቶ በ1971 ከለከለ። አዎ፣ ያቺ በብርዷ የምትታወቀው፣ የኛም ሰው የበዛባት ሚኒሶታ! ምዕራብ ጀርመንም በ1975 ተከተለች።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የጃፓኑ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰንዳይ ከተማ በረዶው ሲሳሳ ባለሚስማሩ ጎማ አስፋልቱን እየፈጨ ወደ አቧራነት ይለውጠው ነበር። ሰዉ አፉን ሸፍኖ ይሄዳል፤ የተሰጣ ልብስ ይጠቁራል፤ የሳንባ ነገር ያሳስባል። በረዶ የወረደበት ከተማ በአቧራ ሲታፈን አስቡት! ነዋሪው ጮኸ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ጠበቆች ገቡበት። በመጨረሻ አምራቾቹ ማምረት ለማቆም ተስማሙ፤ በ1990ም የባለሚስማር ጎማን አቧራ የሚከላከል ሕግ ወጣ።

ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሚስማር የተከለው ሾፌር ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን ይዞ በሰላም ቤቱ ለመግባት የፈለገ አባት ነው። ነገር ግን ለራሱ ደኅንነት ያደረገው ነገር መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቀውን፣ መኪና የሌለውን ሰው ሳንባ አስከፈለ። ጥቅሙ ለአንዱ፣ ዕዳው ለሰፈሩ ሆነ።

መከልከል ብቻውንም መፍትሔ አልነበረም። ብሪጅስቶን ኩባንያ በ1988 ጃፓን ውስጥ ሚስማር የሌለው «ብሊዛክ» የተባለ ጎማ አወጣ። ጎማው እንደ እንጀራ ዓይን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ያቺን የምታንሸራትት ስስ ውሃ ይመጧታል። አየሩ ጠራ። ነገር ግን በሰሜን በሳፖሮ ከተማ ሌላ ጣጣ መጣ። በፊት ሚስማሩ በረዶውን እየፈረፈረ ሻካራ ያደርገው ነበር፤ አሁን ሚስማር የሌላቸው ጎማዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲነሱና ሲቆሙ በረዶውን እያሹት እንደ መስታወት አስለሰሉት። እግረኛው መውደቅ አበዛ፤ ከተማውም በየመስቀለኛው የአሸዋ ሣጥን አስቀምጦ መንገደኛው እያነሳ እንዲበትን አደረገ። አንዱን ሲጠግኑ አንዱ ይቀደዳል።

መንግሥት ሲገባበት

ታዲያ ማን ይወስን? ፊንላንድ በ1978 በብርዱ ወራት የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው አለች። ስዊድን ብዙ ካቅማማች በኋላ በታኅሣሥ 1 ቀን 1999 ግዴታ አደረገችው። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዋ ኩቤክ ናት፤ በ2008 መጨረሻ ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ከታኅሣሥ 15 ጀምሮ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ግን በረዶው ቀኑን እየጠበቀ ስለማይወርድ ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ሆኗል።

ጀርመን ደግሞ የሚያስቅ ታሪክ አላት። በ2006 «ጎማ ለአየሩ ተስማሚ መሆን አለበት» የሚል ደንብ አወጣች። ተስማሚ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ፍርድ ቤት በ2010 «ይህ ግልጽ አይደለም» ብሎ ቅጣቱን ሰረዘው። መንግሥትም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ደንቡን አስተካክሎ ጻፈው። ዛሬ እዚያ የሚፈለገው ጎማው ጎን ላይ ያለ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በመሃሉ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ነው። ምልክቱ በ1999 የመጣ ሲሆን በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ብቻ ነው የሚያገኘው። «ኤም ኤስ» የሚሉት የቆየ ጽሑፍ ግን ያለ ፈተና፣ አምራቹ ራሱ የሚጽፈው ነው። ጎማ ስትገዙ ይህንን ልዩነት እወቁ።

በሚኒሶታ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ሚስማሩ ተከልክሏል፤ የቀረው ለባለመኪናው ሕሊናና ኪስ ተትቷል። ስለዚህ ያ የኅዳር ጥያቄ እዚያ ላለው ወገናችን ባዶ ጥያቄ አይደለም።

እና ምን ይሻላል?

በየቤቱ የሚነሱትን ሦስት መከራከሪያዎች እንያቸው።

«መኪናዬ ፎር ዊል ነው» የሚለው የመጀመሪያው ነው። አራቱም ጎማ መግፋቱ መኪናውን ለማስነሳት ይረዳል። ለማቆም ግን የትኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው። ደህና ተነስቶ መቆም የማይችል መኪና ጭራሽ ካልተነሳው ይብሳል።

«ሁለቱን ብቻ ልቀይር» የሚለው ሁለተኛው ነው። ድሮ መኪኖች ከኋላ በሚገፉበት ዘመን የኋላዎቹን ብቻ መቀየር የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን የፊቱ ብቻ መሬት ሲይዝና የኋላው ሲለቅ፣ ኩርባ ላይ መኪናው ጭራውን ይዞ ይዞራል። ወይ አራቱን፣ ወይ ምንም።

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚለው ሦስተኛውና ጠንካራው ነው። እውነት አለው፤ የትኛውም ጎማ የችኩልን ሾፌር ነፍስ አያድንም። ግን ቀስ የማለቱ ሥልጣን ሁልጊዜ በሾፌሩ እጅ ነው ወይ? በትእዛዝ ሰዓት የሚሠራ፣ ደንበኛ «ፍጠን» የሚለው፣ ሌሊት መንገዱ ሳይጠረግ የሚወጣ ሰው ፍጥነቱን ሌላ ሰው ነው የሚወስንለት። ደግሞም ፊት ለፊቱ ድንገት ልጅ ቢሮጥ ጥያቄው ቀስ ማለቱ ሳይሆን በስንት ሜትር መቆሙ ነው።

ወጪው? ቀላል አይደለም። ግን አንዱ ጎማ ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። አቅም ያጠረው ደግሞ ተራራው ያለበትን የአራት ወቅት ጎማ መግዛት ይችላል። ለግግር በረዶ አገር የእውነተኛውን ያህል ባይሆንም፣ ከደደረ የበጋ ጎማ እጅግ ይሻላል።

እንግዲህ የኛ ፍርድ ይህ ነው። ለብዙ ወራት ከ7 ዲግሪ በታች በሚውልበት አገር ለእንጀራ የሚነዳ ሰው፣ ሕግ ባያስገድደውም፣ አራቱንም ይቀይር። ሚስማር የሌለውን ይምረጥ፤ ሕጉ በሚፈቅድበትም ቢሆን፣ መኖሪያው መንገዱ የማይጠረግበት ገጠር ካልሆነ በቀር የከተማውን ሳንባ ያስብ። ከታሪኩ የወሰድነው ትምህርት ትክክለኛው ጥያቄ «እደርሳለሁ ወይ?» የሚለው አለመሆኑን ነው። ጥያቄው «መቆም ሲያስፈልገኝ እቆማለሁ ወይ?» ነው። መድረስ የሾፌሩ ጉዳይ ነው፤ አለመቆም ግን መንገድ የሚያቋርጠውም ሰው ጉዳይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላማከረውም።

በረዶ በሌለበት አገር ያለን እኛስ? አመዳይ ባይወርድብንም በሐምሌ ዝናብ ጥርሱ ሙልጭ ባለ ጎማ ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርደውን ሚኒባስ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ገና ይሠራል» ይለናል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ጎማ አላዩም፤ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል።

ቸር እንሰንብት።