መንጋጋ ቆልፍ የሚቆርጠው ጉንጉን፦ የአንጎል ደጋፊ ሴሎች መልእክት የሚለቁት እንዴት ነው?

ወገል ጤና ሲባል ብዙዎቻችሁ ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ኦፓል ነው። ገደል ላይ በእጅ መሣሪያ ለሚቆፍሩ ወጣቶች እጅ ወይም እግር መቆረጥ ብርቅ አይደለም። "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ ማለፍ ግን አደጋ አለው። አፈርና የከብት እበት ውስጥ የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ባክቴሪያ ይኖራል። ቁስል ውስጥ ገብቶ መርዝ ካመነጨ፣ መርዙ በነርቭ በኩል ተጉዞ አንድ ፕሮቲን ይቆርጣል።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ፕሮቲን ነው። ነርቭ ሴሎች መልእክት ለመላክ ይጠቀሙበታል። የሚገርመው፣ ድሮ "ከመደገፍ ውጪ ሥራ የላቸውም" የተባሉ የአንጎል ሴሎችም የዚሁ ዓይነት ፕሮቲን አላቸው።

▪️ ደጋፊዎቹ እነማን ናቸው?

አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሴሎች አሉ። ከጎናቸው ደግሞ ቁጥራቸው የሚቀራረብ "ግሊያ" የሚባሉ ደጋፊ ሴሎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ አስትሮሳይት ነው። ስሙ "ኮከብ" ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ቅርጹም ኮከብ ይመስላል። ነርቭ ሴሎችን ይመግባል፣ በመካከላቸው የተረፈውን ኬሚካል ያጸዳል። ግን ዝም ብሎ አያጸዳም፤ መልስም ይሰጣል።

▪️ መልሱን የሚለቀው እንዴት ነው?

1. አጠገቡ ያለ ነርቭ ሴል የለቀቀው ኬሚካል አስትሮሳይቱን ይነካዋል።

2. አስትሮሳይቱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል። ይህ እንደ ማንቂያ ደወል ነው።

3. እንደ ግሉታሜት ያሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን የያዙ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ሴሉ ጠርዝ ይጠጋሉ።

4. ከረጢቱ ላይ ያለው ፕሮቲን ሴሉ ሽፋን ላይ ካሉት ጋር እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። ጉንጉኑ ሲጠብቅ ከረጢቱን ወደ ሽፋኑ ይስበዋል።

5. ከረጢቱም ሽፋኑም በዋናነት ከስብ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ወጥ ላይ እንደሚገናኙ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ይዋሃዳሉ። ቀዳዳ ይከፈትና ይዘቱ ወደ ውጪ ይፈስሳል።

ሴሎች ዕቃቸውን በከረጢት እንዴት እንደሚያጓጉዙ ያሳዩት ሮትማን፣ ሼክማንና ዙድሆፍ እ.ኤ.አ. በ2013 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

▪️ በምን ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎች አስትሮሳይት ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር ግሉታሜት እንደሚለቀቅና አጠገቡ ያሉ ነርቭ ሴሎችም ምላሽ እንደሚሰጡ አሳዩ። ግን በከረጢት ነው ወይስ በሌላ በር?

እዚህ ጋ ነው የቴታነስ መርዝ የገባው። መርዙ ከረጢቱ ላይ ያለውን ፕሮቲን እንደ መቀስ እንደሚቆርጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ታውቆ ነበር። ተመራማሪዎች መርዙን አስትሮሳይት ውስጥ ሲያስገቡት የሚለቀቀው ግሉታሜት ቀነሰ። ገዳዩ መርዝ የላብራቶሪ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

▪️ ታዲያ ሁሉም ተስማማ?

አልተስማማም። አንዳንዶች "ሙከራዎቹ ነርቭ ሴሎችንም ነክተው ሊሆን ይችላል" ብለው ተከራከሩ። ግሉታሜት በሌሎች መውጫዎችም ሊወጣ እንደሚችል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 በስዊዘርላንድ ሎዛን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ነገሩን ግልጽ የሚያደርግ ውጤት አወጣ፤ ግሉታሜት የሚለቁት ሁሉም አስትሮሳይቶች ሳይሆኑ የተወሰኑት ናቸው። ይህ ችሎታቸው በተወሰደባቸው አይጦች ላይ የማስታወስ ችሎታ ደከመ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ባሰ። ተስፋው እዚህ ላይ ነው፤ ለሚጥል በሽታና ለመርሳት ችግር መድኃኒት ሲፈለግ ነርቭ ሴሎችን ብቻ ማየት በቂ ላይሆን ይችላል።

▪️ ወደ ቁስሉ እንመለስ

ቴታነስ ሲይዝ ሰውነትን የሚያገትረው የአስትሮሳይት ጉዳይ አይደለም። መርዙ በዋናነት የሚያጠቃው አከርካሪ ውስጥ ያሉትን፣ ጡንቻ "ዘና በል" የሚል መልእክት የሚልኩ ነርቭ ሴሎች ነው። እነሱ ዝም ሲሉ ጡንቻ ይኮማተራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል።

ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። ይህ ማለት በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ታማሚው ከ1 በታች ሆነ ማለት ነው እንጂ በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ነው፤ አይጠፋም። ታሞ የዳነ ሰው እንኳ ካልተከተበ ድጋሚ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ቤተሰቦች፦

✔️ ቁስልን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አፈር የገባበት ወይም ጥልቅ ከሆነ ቶሎ ጤና ተቋም ሂዱ።

✔️ ነፍሰ ጡር እህቶች ክትባታችሁን አትዝለሉ። የእናት ክትባት ልጇንም ይጠብቃል።

✔️ የሕፃን እትብት በንጹሕ መሣሪያ ይቆረጥ፤ ቅቤም ሆነ እበት አይቀባ።

ጉንጉኑ በዓይን የማይታይ ነው። የሚጠብቀው ግን በጤና ጣቢያችን ያለው ክትባት ነው። ኦፓል የሚቆፍር ጓደኛ ያላችሁ ይህን አጋሩት።