ከረጅም ሩጫ በኋላ የሚመጣ ዳገት

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ፕሮግራም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ፥ ረጅሙ የአስፋልት ሩጫ በአንደኛው እሑድ፥ እስከ ኮረብታው ጫፍ ወጥቶ የሚመለሰው የዳገት ሩጫ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ እንደሚደረግ አነበብን። ወዲያው በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከጓደኞቻችን ሁለቱ በሁለቱም እንሮጣለን ብለው ተመዘገቡ፤ ሌሎቻችን ግን በአንድ ሳምንት ያልዳነ እግር ዳገት አይወጣም አልን። ከሁለቱ አንደኛው፥ «ማሞ ወልዴ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሮጦ ሁለት ሜዳሊያ አላመጣምን?» ሲል መለሰልን። ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለ ሆነ፥ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ነገሩን ልንመረምር ተነሣን።

በመጀመሪያ ዳገት በደከመ እግር ላይ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ፥ ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር በአሜሪካ በቦስተን ማራቶን ተሰለፈ። የቦስተን መንገድ ሲጀመር ቁልቁል ስለ ሆነ፥ ሯጩ ሳይታወቀው ይፈጥናል። ከ26ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ጀምሮ ግን ኒውተን በተባለው ከተማ አራት ዳገቶች ይከታተላሉ። የመጨረሻውን አሜሪካኖች «ልብ ሰባሪ» ይሉታል። ከፍታው ከሥሩ እስከ ጫፉ 27 ሜትር ያህል ብቻ ነውና፥ እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ከዳገት የሚቆጠር አይደለም። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እስከ 29ኛው ኪሎ ሜትር ያህል ክብረ ወሰን በሚሰብር ፍጥነት ሲሮጡ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀዝቃዛው ነፋስና ዳገቱ ተባብረው ወደ ኋላ አስቀሩአቸው። የቤልጂጉ ሯጭ ኦሬል ቫንደንድሪሽ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፥ አበበ 5ኛ፥ ማሞ 12ኛ ሆኑ። አበበ በውጭ አገር እስከ መጨረሻው ከሮጣቸው ማራቶኖች ያላሸነፈው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ቁልቁለት ሲወረድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ስለሚሸከም፥ በውስጡ ያሉት ክሮች ይጎዳሉ። ያለቀውን ኃይል ምግብና ዕረፍት በሁለትና በሦስት ቀን ይመልሱታል፤ የተጎዳው ጡንቻ ግን እስኪጠገን ብዙ ጊዜ ከሳምንት የበለጠ ይፈልጋል። እንዲህ ለደከመ ጭን ትንሹም ዳገት ተራራ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሯም ስስ ስለ ሆነ፥ ለቆላ ሰው ሜዳው ራሱ እንደ ዳገት ይከብዳል። በዚያ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር፥ ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ ሲሆን፥ ማሞ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ጥቅምት 7 ቀን ቴሙ በ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሮጦ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ፤ ማሞ ግን በዚያ ፍጻሜ አልሮጠም። ጥቅምት 10 ቀን ሁለቱም በማራቶን ተሰለፉ። አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ሲያቋርጥ፥ የአገሩ ተስፋ በማሞ ላይ ወደቀ። ማሞም ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብቻውን እየመራ፥ በ36 ዓመት ዕድሜው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገባ። ሁለተኛውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ቴሙ 19ኛ ሆነ። ልዩነቱ ሁሉ ከዚያች ከአንዲቱ ሩጫ መጣ ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን የትኛውን ሩጫ መተው እንደሚገባ ማወቅ ራሱ የሯጭ ብልኀት መሆኑን እንረዳለን።

እንግዲህ የማሞ ምሳሌ ለጓደኞቻችን ይፈርድላቸዋልን? በሙሉ አይፈርድላቸውም። ማሞ አጭሩን አስቀድሞ ረጅሙን አስከተለ፤ እነርሱ ግን ረጅሙን አስቀድመው ዳገቱን ሊያስከትሉ ፈለጉ። ደግሞም ማሞ ይህን ድል ያገኘው በቦስተን ዳገት ከተሸነፈ ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ የጊዜን ሥራ በድፍረት ብቻ መተካት አይቻልም።

ይህንኑ በክበባችን ስብሰባ ካነበብን በኋላ አንደኛው ጓደኛችን ስሙን ከዳገቱ ሩጫ አሰረዘ። ሁለተኛው ግን ሮጠ። ወደ ላይ ሲወጣ ከፊተኞቹ ጋር ነበር፤ ቁልቁል ሲመለስ ግን ጭኑን ይዞ ቆመ፥ ከብዙዎች በኋላም እያነከሰ ገባ። እኛ አልሳቅንበትም፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ አንዱንም ያልሮጥን ነበርንና። ተደግፎን ወደ ጥላው ሲሄድ፥ «ዳገቱ አልነበረም፤ ያለፈው እሑድ ነው» አለን። የሚቀጥለውን በዓል ፕሮግራም የምታዘጋጁ ታናናሾቻችን ሆይ፥ በሁለቱ ሩጫዎች መካከል ሦስት ሳምንት ትተዉ ዘንድ አደራ እንላለን።