የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን

ልጆች ሳለን ገለምሶ ውስጥ ሳይክል የምንከራየው በሳንቲም ነበር። አሥር ሳንቲሜን ላብ እስኪያጠምቃት ጨብጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። በአንድ ፊቷ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ቀንደ ጠምዛዛ እንስሳ አለባት። አንዱ ጓደኛችን "ፍየል ነው" አለን፤ አመንነው።

"ፍየሉ" ኒያላ ወይም የደጋ አጋዘን መሆኑን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ከሚኖርባቸው ጥቂት ተራሮች አንዱ የእኛው ጨርጨር ኖሯል! እንዲያውም በ1982 ዓ.ም. የቁኒና የሙክታር ተራሮች ለእሱ ሲባል መጠለያ ተብለው ተከልለው ነበር። ከገለምሶ አሰበ ተፈሪ (የዛሬዋ ጭሮ) ስንመላለስ ያን ጭጋጋም ደጋ ስንቴ አልፈነዋል!

የፈረንጅ ሳይንስም ቢሆን ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቨር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. አድኖ ናሙናውን ወሰደ፤ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 ስም አወጣለት። የደጋው ገበሬ ግን እሱን ከገብስ ማሳው ሲያባርር ስንት ዘመን ኖሯል።

መጠለያው በተከለለ ማግስት 1983 መጣ። መንግሥት ሲወድቅ በየፓርኩ ጥበቃው ላላ፤ መሣሪያ በየእጁ ገባ። ባሌ ላይ ብዙ አጋዘን አለቀ፤ ቁኒ ሙክታርም ከጥይቱና ከመጥረቢያው አላመለጠም። አምስት ሳንቲም ላይ ያለውን ሰው ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ጠብመንጃ ይዟል። ከአጋዘኑ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነበር የሚኖሩት።

በ1999 ዓ.ም. ወደዚያ ተራራ በእግሬ ወጣሁ። የጎብኚ መንገድ ብሎ ነገር የለም፤ ያለው የአህያና የእንጨት ለቃሚ መንገድ ነው። ዳገቱ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ሳንቲሟን አውጥቼ፣

"ኦቦ፣ ይህን ያውቁታል?" አልኳቸው።

"ሳንቲሙን ነው አጋዘኑን?"

"አጋዘኑን።"

"ልጅ ሳለሁ ገብሳችንን ይበላብን ነበር። ስናባርር እናድራለን። አሁን የሚባረር ብናገኝ ምናለ!"

"ጫካውን ማን ጨረሰው ታዲያ?"

ትንሽ ዝም አሉ። "እኔም ቆርጫለሁ። ዘበኛው ሄደ፤ ልጆቼ ግን አልሄዱም። ቤት ውስጥ ናቸው፣ ይበላሉ።"

ከተማ ተቀምጬ ያዘጋጀሁት ተግሣጽ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

መላ የለውም እንዳይባል መላ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ሥር ዶዶላና አዳባ ላይ፣ በጀርመኖች እገዛ፣ ገበሬዎች ጫካውን በማኅበር ተረክበው እንዲጠብቁት ተደረገ። ተራራው ላይ የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች ተሠሩ፤ የአገሩ ልጅ መንገድ መሪ ሆነ፤ ባለፈረሱ ፈረሱን አከራየ። ተራራ ለመውጣት እንግዳው ከፈለ፤ ገንዘቡም ደጋው ላይ ወደሚኖረው ሰው እጅ ገባ። ለእኛስ ይኸው አያንስም? የአህያው መንገድ ተጠግኖ እግረኛውና ባለሳይክሉ ቢወጣበት፣ የገለምሶና የቁኒ ልጅ ከተማ ውስጥ ሳይክል ሲያከራይ የኖረውን ተራራው ላይ ቢያከራይ፣ የሽማግሌው ልጅ ከመጥረቢያ ሌላ እንጀራ ያገኝ ነበር። መከለል ብቻውን ምን እንደሚሆን አይተነዋል፤ በወረቀት የተከለለ ተራራ በወረቀት ይቀራል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ እሰየው ነው። ቁኒ ሙክታርም ጨርሶ አልሞተም፤ ከእኔ ጉዞ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ጥቂት አጋዘኖች መትረፋቸውን ይናገራሉ። እዚያው አጠገብ የኢቱ ኦሮሞ አባቶች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሕግ ያወጡበት ኦዳ ቡልቱም አለ። አንድን ዛፍ አክብሮ ማቆየት ለዚያ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

አሥር ሳንቲሟን ዛሬም አስቀምጫታለሁ። አሁን የሚቀበለኝ ባለሱቅ የለም። አጋዘኑ ከገበያው ወጥቷል፤ ከተራራውም እንዳይወጣ ነው የምፈራው።