ራን (የእንግሊዝኛ ግስ)
ራን መነሻ ፍቺው «ሮጠ» የሆነ አጭር የእንግሊዝኛ ግስ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺዎች ቆጥረውለታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ግን ሰፊውን ቦታ የያዘው «አኖረ» ማለት የሆነው «ሴት» (set) የተባለው ግስ ነበር።

የአማርኛ ተርጓሚ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው በዚህ የ«ራን» ፍቺዎች ብዛት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ አፍንጫም፣ ሞተርም፣ የጨርቅ ቀለምም፣ አውቶቡስም፣ የምርጫ ዕጩም በዚሁ ግስ ይነገራሉ። በእኛ ግን አፍንጫ ይፈሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ ቀለም ይለቃል፣ አውቶቡስ ይመላለሳል፣ ዕጩ ይወዳደራል። ሁሉንም «ሮጠ» ብሎ ማለፍ አማርኛውን ያጎድፋል።

«ራን»ን «አውት» (out) የተባለው ቃል ሲከተለው ደግሞ ፍቺው «አለቀ» ይሆናል። ከባቡርና ከፋብሪካ ማሽን እስከ ኮምፒውተር ፕሮግራም ድረስ አዳዲስ ፈጠራዎች በመጡ ቁጥር የ«ራን» ፍቺ እየሰፋ ሄዷል።