የሰም ሲሊንደር
የድምፅ መቅጃ፤ ቡናማ ሰም፤ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የድምፅ መልእክት የላኩት እንዲህ ባለ ሲሊንደር ላይ ነው። ንግሥቲቱ በ1898 የቀዱላቸው መልእክት ከተደመጠ በኋላ እንዲወድም ተደርጓል፤ ትልቅ ጉዳት ነው።

ሰው በጡሩምባው ውስጥ ሲናገር ድምፁ ያንቀጠቀጠው ስለት በሚሽከረከረው ሰም ላይ ጥልቀቱ ከፍ ዝቅ የሚል ቀጭን ቦይ ይፍቃል። ለማዳመጥም በዚያው ቦይ ላይ መርፌ ስለሚሄድ ሰሙ በተደመጠ ቁጥር ያልቃል። እንደ ካፋው ማንኪራ ደን ባለ እርጥብ አየር ደግሞ ሻጋታ ይበላዋል፤ የተበላው ቦይ ድምፁን ይዞ ይሄዳል።

በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የፊዚክስ ሊቁ ካርል ሄበርና ባልደረቦቹ ሰሙን ሳይነኩ የቦዩን ቅርጽ በብርሃን የሚለኩበትን ዘዴ ፈጠሩ፤ ልኬቱን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ኮምፒውተር ነው። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሌዮን ስኮት በ1860 በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የቀረጸው ዜማም በ2008 በዚሁ ቤተ ሙከራ ተሰማ። ከባዱ ነገር ድምፁ የተቀዳበትን ፍጥነት ማወቅ ነው። የስኮት ቅጂ መጀመሪያ በእጥፍ ፍጥነት ስለተጫወተ የሴት ወይም የልጅ ድምፅ መስሎ ነበር፤ በ2009 ሲታረም የጎልማሳ ወንድ ሆኖ ተገኘ።

በቤታችሁ የአባቶችና የእናቶች ድምፅ ያለበት ካሴት እንደ ሰሙ ሻግቶ ከሆነ እባካችሁ አታጫውቱት። ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ለባለሙያ አሳዩት።