ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት

ዛሬ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አልጽፍም። የዛሬው ታሪካችን ቁም ሳጥን አናት ላይ አቧራ ጠጥቶ ስለተቀመጠው ቪዲዮ ዴክ ነው። «ይሄ ደግሞ ታሪክ ነው እንዴ?» እንዳትሉኝ። የወላጆቻችሁ ሰርግ፣ የታላቅ እህታችሁ ምርቃት፣ አሁን በሕይወት የሌሉ አያቶቻችሁ ድምፅ የሚነበበው በዚያ ዴክ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ካሴቱን ከቶ ነጠብጣብ ብቻ ሲያይ «ተደምስሷል» ብሎ ይጥለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን የታመመው ዴኩ እንጂ ካሴቱ አይደለም። ይሄ ለምን እንደሚሆን የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ይነግረናል።

ድምፅን በክር ላይ መቅዳት ከምስል ቀድሞ የተቻለ ነገር ነው። ምስል ከድምፅ እጅግ የበዛ መረጃ ስላለው ክሩ በሄዱ ፊት በጣም ፈጥኖ ማለፍ አለበት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቢቢሲ «ቬራ» የሚባል መሣሪያ ሠርቶ ክሩን በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ያስሮጠው ነበር። ያ ሁሉ ክር በትልልቅ ጥቅልሎች ተጠቅልሎም የሚይዘው 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በቻርልስ ጊንስበርግ የሚመራው የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ ቡድን ግን ሌላ መላ ዘየደ፦ ክሩን ከማስሮጥ ሄዱን ራሱን ማሽከርከር! በኤፕሪል 1956 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። ዋጋው ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበረ ገዢዎቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነበሩ።

ወደ ሳሎን ያስገቡት ጃፓኖች ናቸው። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ በ1976 ቪኤችኤስን አወጡ። የመጀመሪያው ቤታማክስ አንድ ሰዓት ሲይዝ ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ያዘ፤ ሙሉ ፊልም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ «ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊልማችንን ሊቀዳ ነው» ብለው ሶኒን ከሰሱ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 1984 ሶኒ 5 ለ4 አሸነፈ። በአንድ ዳኛ ድምፅ ብቻ!

አሁን ወደ ዴካችን ሆድ እንግባ። ውስጡ 62 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ድራም አለ። በእኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል። ክሩ በሰከንድ 2.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ እያዘገመ፣ ድራሙ ላይ ያሉት ሁለት ሄዶች ግን በሰከንድ ወደ 5 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይዳስሱታል። ልብ በሉ፣ ያው የቬራ ፍጥነት ነው! በሄዱ ላይ ያለው ማንበቢያ ክፍተት ደግሞ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። ከአሮጌ ክር የረገፈ ብናኝ ይደፍነዋል። ድምፁን የሚያነበው ሌላ፣ የማይሽከረከር ሄድ ነው። ስለዚህ ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ምስሉ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆሸሸ ሄድ ነው። ጥሩ ባለሙያ ለስላሳ ንጹሕ ነገር በአልኮል አርሶ ድራሙ ላይ ያስደግፍና ድራሙን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ወደ ላይና ወደ ታች ከፈተገው ሄዱን ይሰብረዋል። ጥጥም ክሩ ተጠምዶ ሄዱን ሊነቅለው ይችላል።

ምስሉ የሚንከባለል ወይም ጥቁርና ነጭ የሚሆን ከሆነ ካሴቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት በኤንቲኤስሲ ሥርዓት የተቀዳ ነው፤ ፓል ብቻ የሚያነብ ዴክ በትክክል አያሳየውም። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያለው ሰው ፈልጉ።

መብራቱስ? ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ዴክ በቀጥታ የእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ፊውዙ፣ አንዳንዴም ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ለዓመታት ተሰክቶ የኖረ ዴክም «ጠፍቷል» ስንለው ውስጡ እየሞቀ ስለሚቆይ ካፓሲተሮቹ ይደርቃሉ። ሰዓቱ ይደበዝዛል፣ ዴኩ ለመነሳት ይሞክርና ይተወዋል። ነገር ግን በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ሁሉ የመብራት ችግር አለበት ማለት አይደለም። ቺንጋው ላልቶ ወይም ድራሙ አልዞር ብሎ ከሆነ መሣሪያው ክሩን እንዳይበላ ራሱን ያጠፋል። እናንተ ሶኬቱን፣ ገመዱንና ስታቢላይዘሩን ፈትሹ፤ ክዳኑን ግን አትክፈቱ። ዋናው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ወደ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቀልድ የለም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጊዜው ስላጠረ ነው። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በጁላይ 2016 ማምረት አቁሟል። መለዋወጫው እየጠፋ፣ ጥገናውን የሚያውቁትም እያረጁ ነው። ዩኔስኮ ጭምር የማግኔት ክር ስብስቦች እንዳይጠፉ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በክፍል ውስጥ ሁሌ እንደምላችሁ ታሪክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ሰው በሰርግ ምን ለበሰ፣ ማን ከማን ጎን ተቀመጠ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ምን አሉ፣ የሰፈሩ መንገድ ምን ይመስል ነበር፤ ይህን የሚነግረን መጽሐፍ ብዙ የለም። እነዚያ ካሴቶች ግን ይነግሩናል።

እና አደራ። ካሴቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ ዴኩንም ሌሎቹን ካሴቶችም ይበክላል። ሻጋታ ከሌለው መጀመሪያ ዴኩን በማትሳሱለት ካሴት ሞክሩት። ደህና ከሠራ ብቻ የሰርጉን ካሴት ክተቱ፤ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑትና መልሱት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ከገለበጣችሁ በኋላም ዋናውን አትጣሉት። አብራችሁት እዩት፤ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት ትልልቆቹ ገና አብረውን እያሉ ስሞቹን ጻፉ።

ቸር ያሰማን።